ፈረደለት ወይስ ፈረደበት?

ከእንግሊዝኛ ግሶች ሁሉ እንደ «ሳንክሽን» የማላምነው የለም። ኮቱን ለብሶ፣ ክራቫቱን አሥሮ፣ ፋይሉን በብብቱ ሸጉጦ ቢሮ የሚገባ ሰው ይመስለኛል። ሰላምታው ለሁሉም አንድ ነው። የመጣው ሊሾም ይሁን ሊሽር፣ ሊመርቅ ይሁን ሊረግም ከፊቱ አይነበብም። ፋይሉን እስኪገልጥ ድረስ ቢሮው በሙሉ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል።

ይህን የምለው በትርጉም ሥራ እንጀራውን የሚበላ ሰው ሆኜ ነው። ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ብዙም ሳይርቅ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጋር በምጋራት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ተቀምጫለሁ። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ውል፣ ውክልና፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የሐኪም ወረቀት፣ የፍርድ ግልባጭ፣ በእጄ የማያልፍ የለም። አብዛኛው ሥራ ልምድ ብቻውን የሚሠራው ነው፤ አንዱን ቅጽ የተረጎመ መቶውን ተርጉሟል። አንዳንድ ጊዜ ግን አንዲት ቃል ብቻዋን መጥታ እጄን ትይዘዋለች። ደብዳቤ ለሚጽፍም፣ ደብዳቤ ለሚደርሰውም ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ዛሬ የማወጋው ስለ አንዷ ነው።

መዝገበ ቃላት የገለጠ ሰው ሁለት ፍቺ ጎን ለጎን ተጽፎ ያገኛል። የመጀመሪያው «ሥልጣን ያለው አካል ፈቀደ፣ አጸደቀ፣ ይሁን አለ» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ቀጣ፣ ማዕቀብ ጣለ» ይላል። ልዩነቱ የትንሽና የትልቅ አይደለም፤ የጥቁርና የነጭ ነው። አንዱ በር ይከፍታል፣ ሌላው በር ይዘጋል። ሁለቱም ግን ድምፃቸው አንድ፣ ፊደላቸው አንድ ነው።

እንግሊዝኛ እንዲህ ያሉ ሌሎች ግሶችም አሉት። «ቴብል» የሚለው ግስ በለንደን አንድን ጉዳይ ለውይይት ማቅረብ ማለት ሲሆን፣ በዋሽንግተን ግን ጉዳዩን ወደ ጎን ማቆየት ነው። ዊንስተን ቸርችል ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጻፉት ታሪክ ውስጥ የእንግሊዝና የአሜሪካ ሹማምንት በዚህች ግስ ሳቢያ ረዥም ክርክር ገጥመው እንደነበር፣ በመጨረሻ ሲታይ ግን ሁለቱም ወገኖች የሚፈልጉት አንድ ነገር ሆኖ እንደተገኘ ያጫውታሉ። «ቴብል» ግን ቢያንስ ድንበር ያውቃል፤ ተናጋሪው ከየት እንደመጣ ያወቀ ሰው ትርጉሙንም አወቀ። «ሳንክሽን» ድንበር የለውም። ሁለቱ ፊቶቹ በአንድ አገር፣ በአንድ ጋዜጣ፣ አንዳንዴም በአንድ ገጽ ላይ አብረው ይኖራሉ።

እኔ ቃሉን መጀመሪያ ያወቅሁት በደጉ ፊቱ ነው። አባቴ በንጉሡ ዘመን፣ በአንድ የጠቅላይ ግዛት ከተማ ውስጥ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ንብረት ጠባቂ ነበር። የዚያን ዘመን ሰው እንደሚያስታውሰው በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የሕንድ መምህራን ነበሩ፤ ሒሳቡን፣ ሳይንሱን፣ እንግሊዝኛውንም ጭምር ለብዙ ተማሪ ያስተማሩት እነርሱ ናቸው። የአባቴም ዲሬክተር ሕንዳዊ ነበሩ። ወንድ አያቴ ባረፉ ጊዜ አባቴ ተዝካራቸውን ለማውጣት ወደ አገር ቤት መሄድ ነበረበትና የ10 ቀን ፈቃድ ጠየቀ። መልሱ በታይፕ ተጽፎ መጣለት። «የጠየቁት የ10 ቀን ፈቃድ ሳንክሽን ተደርጓል» የሚል አንድ መስመር ነበር።

ሕንዶች ቃሉን እስከ ዛሬም የሚጠቀሙበት በዚሁ መንገድ ነው። የባንክ ብድር ሲፈቀድ፣ አዲስ የሥራ መደብ ሲፈቀድ፣ የዓመት ዕረፍት ሲፈቀድ «ሳንክሽን ተደረገ» ይላሉ። ከእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን የቢሮ ቋንቋ የወረሱት ነው። አባቴ ያችን ወረቀት በቆርቆሮ ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጧት ኖሮ፣ እንግሊዝኛ ማንበብ ስጀምር እያወጣ ያሳየኝ ነበር። በጣቱ ቃሏን ነካ አድርጎ «ይህ ማለት ፈቀድን ማለት ነው፤ ትልቅ ሰው የሚጽፈው እንግሊዝኛ ነው» ይለኛል። ስለዚህ ቃሉ ለእኔ ለረዥም ጊዜ የበጎ ነገር ስም ነበር።

ሌላውን ፊቱን ያሳየኝ ታሪክ ነው። ተዝካራቸው የወጣላቸው እኚያው አያቴ ማይጨው የዘመቱ ሰው ነበሩ።

የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻገረ። ጄኔቭ የሚቀመጠው የዓለም መንግሥታት ማኅበር በዚያው ሰሞን ተሰብስቦ ኢጣሊያ ቃል ኪዳን አፍርሳለች አለ፤ ከ54ቱ አባል አገሮች 50ዎቹ በዚህ ተስማሙ። ቅጣቱም ኅዳር 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። የቅጣቱ ስም «ሳንክሽንስ» ነበር። ለኢጣሊያ የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ፣ ብድር እንዳይሰጥ፣ ምርቷም እንዳይገዛ ታዘዘ። ወደ ኢጣሊያ እንዳይላኩ በተከለከሉት ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ጎማ አለ፤ ልዩ ልዩ የማዕድን ዓይነቶች አሉ፤ ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና ግመልም አሉ። ነዳጅ ዘይት ግን የለም። የስዌዝ ቦይም ለኢጣሊያ መርከቦች አልተዘጋም። በአውሮፕላንና በካሚዮን ለሚዘምት ጦር በቅሎ ከልክሎ ነዳጅ የተወ ቅጣት ምን ዓይነት ቅጣት እንደሆነ ፍርዱን ለአንባቢ እተዋለሁ።

አያቴ ይህን ዝርዝር አላዩም። እንግሊዝኛም ፈረንሳይኛም አያውቁ። ሴት አያቴ እንደነገሩን ግን፣ ዘማቹ ስንቁን አሰናድቶ ሲነሣ «የዓለም መንግሥታት ፈረዱልን» የሚል ወሬ በየገበያው ይነገር ነበር፤ ሰውም በዚያ ተጽናንቶ ነበር። «ፈረዱልን፣ ፈረዱልን ተባለ» ይሉ ነበር ሴት አያቴ፣ ጥጥ እየፈተሉ፤ «ኋላ ሲታይ የፈረደልን ሁሉ ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ።»

መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ሆነ። ሚያዝያ 27 ቀን የጠላት ጦር አዲስ አበባ ገባ። ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ ቆመው በአማርኛ ተናገሩ። ሐምሌ 8 ቀን፣ ገና ዓመቱ ሳይለወጥ፣ ቅጣቱ ተነሣ። ከኅዳር እስከ ሐምሌ ስምንት ወር ነው የቆየው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ቃሉን «ፈሪ» ብዬ እተወው ነበር። ግን ሁለተኛው ፊት ቀጠለ። እንግሊዝ የቅጣቱ አንዷ አስፈጻሚ ነበረች። ኅዳር 7 ቀን 1931 ዓ.ም. ይህችው እንግሊዝ የኢጣሊያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ሕጋዊ ገዥ አድርጋ ዕውቅና ሰጠች። ትናንት የቀጣችውን ድርጊት ዛሬ አጸደቀችው። በእንግሊዝኛ ሁለቱንም ሥራ በአንድ ቃል መጥራት ይቻላል።

ይህ ማጽደቅ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ በስደት ሳሉ ኬብል ኤንድ ዋየርለስ የተባለውን ኩባንያ ለንደን ላይ ከሰው ነበር። ከጦርነቱ በፊት በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መካከል ለሚደረገው የሬዲዮ ቴሌግራፍ አገልግሎት በተፈረመ ውል መሠረት ለኢትዮጵያ መከፈል የነበረበት ገንዘብ ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1938 ዳኛው ለንጉሠ ነገሥቱ ፈረዱላቸው። ኩባንያው ይግባኝ አለ። ይግባኙ ሳይታይ ያ ዕውቅና በመካከሉ ገባ። በታኅሣሥ 1938 ይግባኝ ሰሚው ችሎት፣ መንግሥታችን የኢትዮጵያ ሕጋዊ ገዥ ብሎ የሚያውቀው የኢጣሊያን ንጉሥ ስለሆነ የመጠየቁ መብት ወደ እርሱ ተላልፏል ብሎ የበፊቱን ፍርድ ሻረው። ያው ክስ፣ ያው ማስረጃ፣ ያው ገንዘብ፤ በአምስት ወር ውስጥ «ፈረደላቸው» የነበረው «ፈረደባቸው» ሆነ።

በየቀኑ ወደ ሥራ ስሄድ በሜክሲኮ አደባባይ አልፋለሁ። አደባባዩ ስሙን ያገኘው የኢጣሊያን ወረራ አላጸድቅም ብላ በጸናችው አገር ነው፤ በሜክሲኮ ከተማም በአጸፋው በኢትዮጵያ ስም የተሰየመ አደባባይ አለ። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረትም ያንን ዕውቅና አልሰጡም ነበር። ታክሲ ተሰልፌ ስጠብቅ ብዙ ጊዜ የማስበው ይህንኑ ነው፤ አንድ ግስ ላይ «አይሆንም» ያለች ሩቅ አገር ስሟ እስከ ዛሬ በየረዳቱ አፍ ላይ አለ።

ታዲያ አንድ ቃል ሁለት ጠላታሞችን እንዴት በአንድ ማኅፀን ተሸከመ? መልሱ የሚገኘው ከቤተ መቅደስ ነው። በላቲን «ሳንኪሬ» ማለት ቀድሶ ማጽናት ነው። «ሳንክቱስ» ቅዱስ ነው፤ እንግሊዞች ለቅዱሳን የሚሰጡት «ሴንት» የሚለው መጠሪያም ከዚሁ የወጣ ነው። የተቀደሰ ነገር የታጠረ ነገር ነው፤ አይደፈርም፤ የደፈረው ይቀጣል። ሮማውያን ሕግ ሲያወጡ ሕጉን የሚጥስ ሰው ምን እንደሚደርስበት የሚናገረውን ክፍል «ሳንክቲዮ» ይሉት ነበር። ቅድስናውና ቅጣቱ የአንድ አጥር ሁለት ገጽ ነበሩ፤ ከውስጥ ሲያዩት ጥበቃ፣ ከውጭ ሲያዩት ክልከላ።

ቃሉ በ16ኛው መቶ ዘመን ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ትርጉሙ «ድንጋጌ» ነበር። በ18ኛው መቶ ዘመን ግስ ሆነና «አጸደቀ፣ ፈቀደ» ማለት ጀመረ። ስሙ ግን በሕግ ሰዎች ዘንድ «ሕግን የሚያስከብር ቅጣት» የሚለውን ፍቺ ይዞ ቆየ። ግሱ ራሱ «ቀጣ» የሚለውን ትርጉም የለመደው በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ገደማ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በ1928 ዓ.ም. አያቴ ማይጨው በዘመቱበት ዓመት፣ በጄኔቭ ስሙ ሲቀጣ ግሱ ገና ይፈቅድ ነበር። ይህ አጋጣሚ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም ከዚያ ዓመት ታሪክ ጋር ክፉኛ ይመሳሰላል።

ይህ የቅድስናና የክልከላ ዝምድና ለእኛም እንግዳ አይደለም። ሙስሊም ወገኖቻችን የመካውን ታላቅ መስጊድ የሚጠሩበት «ሐራም» የሚለው ቃል ለተቀደሰውም ለተከለከለውም ያገለግላል። የእኛው «እርም» የሚለውም ቃል ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። ካህን ሲገዝት ይከለክላል፤ «የግዝት በዓል» ግን የተከበረ ቀን ነው፤ ሥራ የሚከለከልበት ስለሆነ ግዝት ተባለ። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን እንግሊዝኛ በአንድ ቃል ያጨቀውን አማርኛ በሁለት ቃል ሲለየው ሁለቱንም ያመጣው ከዚያው ከቤተ ክርስቲያን ግቢ መሆኑ ነው። «አጸደቀ» የምንለው ጽድቅን ይዞ ነው። «ማዕቀብ» የምንለው ደግሞ «ዐቀበ» ከሚለው የግዕዝ ግስ ነው፤ ጠበቀ ማለት ነው። «ዐቃቤ ሕግ» የሚለው የሥራ ስም፣ «ዐቃቤ ሰዓት» የሚለው የጥንት ማዕርግ የዚሁ ዘመዶች ናቸው።

አማርኛ ሥሩን ከለየ በኋላም አላረፈም። «ዳኛው ፈረደ» ብላችሁ ዝም ብትሉ ሰሚው አይለቃችሁም፤ «ለማን?» ይላችኋል። ወይ «ፈረደለት» ነው፣ ወይ «ፈረደበት»። «መሰከረለት» አለ፣ «መሰከረበት» አለ። «ወሰኑለት» አለ፣ «ወሰኑበት» አለ። አንዲት «ለ» ወይም አንዲት «በ» ከግሱ ሆድ ውስጥ ገብታ ማን እንደተጠቀመ፣ ማን እንደተጎዳ ትናገራለች። ምናልባት በዛፍ ጥላ ሥር በሚቆም ችሎት «በላ ልበልሃ» እየተባባለ ሲሟገት የኖረ ሕዝብ ቋንቋ ስለሆነ ይሆናል። በእንዲህ ያለ ሸንጎ ፊት ቆሞ ማን እንደረታ ሳይናገር የሚቀመጥ ምስክር የለም።

ይህን ስል አማርኛችን ነውር የለበትም ማለቴ አይደለም። እኛም «ሻረ» የሚል ግስ አለን። ቁስል ሲሽር ቤተሰብ ደስ ይለዋል፤ ሹም ሲሻር ቤተሰቡ ያለቅሳል። አንባቢም ውጫሌን እስካሁን ባለማንሣቴ ሳይገርመው አይቀርም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ ላይ አማርኛው መቻልን ሲያወራ ኢጣሊያንኛው ግዴታ አድርጎት እንደነበር፣ ነገሩም በዓድዋ እንደተፈታ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ያ ግን አንድ ውል በሁለት ቋንቋ ሁለት ነገር ሲናገር ነው፤ ሁለቱን ወረቀት አስተያይቶ ልዩነቱን ማግኘት ይቻላል። የእኔ ግስ አንድ ወረቀት ላይ፣ በአንድ ቋንቋ ተቀምጦ ነው ሁለት ነገር የሚናገረው። የሚያስተያዩት ሁለተኛ ወረቀት የለም።

ይህ የመዝገበ ቃላት ጨዋታ አለመሆኑን ያሳየኝ በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የገጠመኝ ነገር ነው። በሰፈራችን ጉሊት የምትሸጥ አንዲት እናት አለች። ልጇ ያን ጊዜ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። የልብ በሽታ ነበረበት፤ ሐኪሞቹ ከልቡ ቫልቮች አንዱ መለወጥ አለበት ብለው ነበር። የሰፈሩ ዕድር፣ የልጁ የክፍል ጓደኞች፣ ዘመድ አዝማድ ተረባርቦ ሕንድ አገር ቼናይ ከተማ ልኮ ለማሳከም ገንዘብ ይሰበስብ ጀመር። ቤተሰቡ አቅም ስለሌለው ሆስፒታሉ የክፍያ ቅናሽ እንዲያደርግ ማመልከቻ ተላከ። መልሱ በኢሜይል መጣ።

የልጁ ታላቅ እህት ደብዳቤውን በስልኳ አስተረጎመችው። ስልኩም «ማዕቀብ ተጥሎበታል» አላት። ዘመኑን አስታውሱ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት መስከረም 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በሚመለከት የማዕቀብ ትእዛዝ ፈርመው ስለነበር ያ ዓመት በሙሉ ቃሉ ከሬዲዮው አልወረደም፤ ልጅ አዋቂው ለምዶት ነበር። ልጅቷ ያየችውን አመነች። እናትየው ሦስት ቀን አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን ለዕድሩ ዳኛ «የሰው ገንዘብ በእጄ አይቆይ፤ ለየባለቤቱ መልሱልኝ» ብላ ላከች። እኔ ዘንድ የመጣችው በማግሥቱ ነው፤ ያመጣትም የዕድሩ ጸሐፊ ነው፤ «ገንዘቡን ከመበተናችን በፊት አንድ ሰው ይየው» ብሎ።

«ጋሼ፣ ልጄ ምን አድርጓቸው ነው?» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ።

«ማንን?»

«እነዚያን ሕንዶች። እኔ ማዕቀብ ሲባል የምሰማው መንግሥት ላይ ሲጣል ነው። እሱ እኮ ተማሪ ነው፤ ከቤት እንኳ ሳይወጣ ነው የከረመው።»

ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብኩ። «የጠየቃችሁት የክፍያ ቅናሽ እስከ 40 በመቶ ድረስ ሳንክሽን ተደርጓል» ይላል። በማን እንደተደረገ እንኳ አይናገርም። ያ የአባቴ የቆርቆሮ ሣጥን እንግሊዝኛ ነው፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ ኖሮ፣ ታይፑ ቀርቶ ኮምፒዩተር መጥቶ፣ አልተለወጠም።

«እህቴ፣ ተቀመጪ። ፈቅደውለታል» አልኳት።

አላመነችኝም። ሰው ክፉውን ወሬ ከደጉ ይልቅ ቶሎ ያምናል። «ታዲያ ስልኩ ለምን ዋሸ?» አለች። ስልኩ እንዳልዋሸ፣ ቃሉ ሁለት ፍቺ እንዳለው፣ ስልኩ ብዙ ሰው የሚያነሣውን እንደመረጠ አስረዳኋት። ቀጥሎም ያለውን መናገር ነበረብኝ፤ የተፈቀደው 40 በመቶ ነው፤ 60 በመቶው ገና ከእነርሱ ይጠበቃል። ይህን ስትሰማ ፊቷ ትንሽ ጠቆረና መልሶ በራ። «ስድሳው የሰው ነው፤ ሰው ይሞላዋል። እኔን የጨነቀኝ ጠሉት ብዬ ነው» አለች። የዕድሩ ጸሐፊ ዘወር ብሎ መነጽሩን ጠረገ።

ትርጉሙን ስጽፍ «ተፈቅዷል» ብዬ አልተውኩትም። ከደብዳቤው ራስጌና ከፊርማው በታች ካለው ማዕርግ አንብቤ «የሆስፒታሉ አስተዳደር ለልጁ ፈቅዶለታል» አልኩ። የፈቀደው ማን እንደሆነ ታወቀ፤ የተፈቀደለትም ታወቀ። የዕድሩ ጸሐፊ ያንን ወረቀት ይዞ ሄዶ ለስብሰባ አነበበው፤ ገንዘቡ አልተበተነም። ልጁ በመጋቢት ከአጎቱ ጋር ሄዶ ቫልቩ ተለወጠለት። ዛሬ በየቀኑ ደም ማቅጠኛ ይወስዳል፤ ለምርመራም ሆስፒታል ይመላለሳል። ደረጃ ሲወጣ ግን እንደ ድሮው ግድግዳ አይደገፍም።

ይህን የምጽፈው ይህች እናት ብቻዋን እንዳልሆነች ስለማውቅ ነው። ዛሬ ከውጭ አገር ደብዳቤ የማይደርሰው ቤት የለም ማለት ይቻላል፤ የሕክምና፣ የባንክ፣ የትምህርት፣ የቪዛ። ስለዚህ በሥራዬ የለየኋቸውን ምልክቶች ላካፍል።

አንደኛ፣ ከግሱ ቀጥሎ ምን እንደመጣ ተመልከቱ። ሳንክሽን የተደረገው ሰው፣ ኩባንያ ወይም አገር ከሆነ ብዙውን ጊዜ ቅጣት ነው። ገንዘብ፣ ፈቃድ፣ ዕቅድ ወይም ሥራ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ይሁንታ ነው። ሁለተኛ፣ ስም ሆኖ በብዙ ቁጥር «ሳንክሽንስ» ከተባለ ማዕቀብ ነው፤ በነጠላ ሆኖ «በእገሌ ሳንክሽን» ከተባለ ደግሞ በእገሌ ፈቃድ ማለት ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ ጸሐፊው ከየት እንደሆነ እዩ፤ የሕንድ ባንክ ሲጽፈው ብድሩ ተፈቅዷል፤ የአሜሪካ ዳኛ ጠበቃን ሳንክሽን ካደረገ ጠበቃው ተቀጥቷል።

አራተኛው ከሁሉ ይከፋል። «ሳንክሽን የተደረገበት ባለሥልጣን» ከተባለ ሰውየው የተቀጣ ነው። «በመንግሥት ሳንክሽን የተደረገ ግድያ» ከተባለ ግን መንግሥት ገዳዮቹን ቀጣ ማለት አይደለም፤ ፈቀደላቸው ማለት ነው። በዚህ ላይ የተሳሳተ አንባቢ ደም ያፈሰሰውን ዳኛ አድርጎ ያመሰግነዋል። በሰብዓዊ መብት ሪፖርቶች ውስጥ ይህ አነጋገር ብዙ ጊዜ ስለሚገኝ ጋዜጠኞቻችን ልብ ቢሉት መልካም ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ እንግሊዝኛ ደብዳቤ ለሚያረቅቁ ወንድሞችና እህቶችም አንድ ልመና አለኝ። መፍቀዳችሁ ከሆነ «አፕሩቭ» በሉት፤ መቅጣታችሁ ከሆነ «ፔናላይዝ» በሉት። ሁለቱም ቃላት እንደ «ሳንክሽን» ክራቫት ላያስሩ ይችላሉ፤ ነገር ግን ሲገቡ ለምን እንደመጡ ከፊታቸው ይነበባል። የውሳኔ ወረቀት ውበቱ ግልጽነቱ ነው።

እነዚህ ምልክቶች ሁሉ ያልረዱት አንባቢ ግን በሦስት ጥያቄ ይጀምር፤ ማን ወሰነ? ለማን? ወይስ በማን ላይ? እነዚህን መጠየቅ ከሊቅ የሚፈለግ ዕውቀት አይደለም፤ ሴት አያቴ ጥጥ እየፈተሉ ሲጠይቁት የኖሩት ነው። «ፈረዱልን» የተባለው ወሬ በደረሳቸው ጊዜ ማን እንደፈረደ፣ ፍርዱንስ ማን እንደሚያስፈጽም የሚነግራቸው አልነበረም። ያ እናት የዕድሩ ጸሐፊ ይዟት ባይመጣ ኖሮ በአንድ ቃል ሳቢያ የሰፈሩን ገንዘብ መልሳ ልጇን ይዛ ትቀመጥ ነበር።

እኔም ስለዚህ ልማድ አውጥቻለሁ። ከውጭ የመጣ ውሳኔ ስተረጉም እንግሊዝኛው የሸሸገውን ስም ከደብዳቤው ውስጥ ፈልጌ ካገኘሁት እጽፈዋለሁ፤ ካላገኘሁት ባለጉዳዩን «ጻፍላቸውና ጠይቅ» ብዬ እመልሰዋለሁ። አንዳንዱ ይቆጣል፤ ሌላ ትርጉም ቤት የሚሄድም አለ። የተመለሰው ግን ብዙ ጊዜ መልሱን ይዞ ነው፤ መልሱም በአንዲት «ለ» ወይም በአንዲት «በ» ያልቃል።